ሥራ ሲጠፋ ማን ይጠየቃል?

በኢር ያሚም፣ ናታንያ የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው የአገር መሪዎችንና ሥራ አጥነትን ምን እንደሚያገናኛቸው ነው። ምርጫ በመጣ ቁጥር አንዱ ፓርቲ "በእኔ ዘመን ሥራ አጥ ቀነሰ" ይላል፤ ሌላው "በአንተ ዘመን ስንቱ ከሥራው ወጣ" ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም ቁጥር ይዘው ይመጣሉ፤ ቁጥሩም ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው። እኔ ላሳያችሁ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። አንድ መሪ የአገሪቱን የሥራ አጥ ቁጥር በራሱ እጅ ማውረድ የሚችለው እኛ ከምናስበው እጅግ ያነሰ ነው። ሥራ ሲጠፋ መጀመሪያ ማን እንደሚወጣ፣ ሥራ ሲገኝ ደግሞ ማን የትኛውን ሥራ እንደሚይዝ ግን በፊርማው ይወስናል። የምናመሰግነውም የምንወቅሰውም ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ነው፤ በሁለተኛው ግን አንጠይቀውም።

ከቁጥሩ ልጀምር። የእስራኤል ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ አንድን ሰው ሥራ አጥ የሚለው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፤ በተጠየቀበት ሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ ካልሠራ፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ከፈለገ፣ ሥራ ቢያገኝ መጀመር የሚችል ከሆነ። ፈልጎ ፈልጎ ተስፋ ቆርጦ የተቀመጠ ሰው በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት የሕንፃ ደረጃ የምታጸዳ እናት፣ ሙሉ ሥራ ብታገኝ ደስ የሚላት ብትሆንም፣ የምትቆጠረው ከሠራተኞች ጋር ነው። በ50 ዓመቱ ከጎንደር ገጠር መጥቶ በዕብራይስጥ ትምህርት ቤቱ፣ በኡልፓን የተማረ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ለሥራ ያልጠራው ገበሬ መፈለጉን በተወ ዕለት ከሥራ አጦች ዝርዝር ወጣ። አቆጣጠሩ የዓለም አቆጣጠር ነው፤ ማንም ሊያታልለን ብሎ አላመጣውም። ቢሆንም ሚኒስትሩ "3 በመቶ ብቻ" ሲል ስለ ማን እንደሚናገር፣ ስለ ማንስ እንደማይናገር ማወቅ አለብን።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ፤ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

በዚህች አገር መንግሥት ሥራ አጥነትን አውቆ ያመጣበት ጊዜ ነበር። በ1965 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሌቪ ኤሽኮል፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ፒንሐስ ሳፒር ነበሩ። ኢኮኖሚው ከአቅሙ በላይ ሞቋል፣ አገሪቱ ከምትሸጠው ይልቅ የምትገዛው በዝቷል ብለው የመንግሥትን ወጪ ቀነሱ፣ ግንባታ ቀዘቀዘ። በዕብራይስጥ "ሚቱን" የሚባለው ጊዜ ይህ ነው። ከእነሱ ውሳኔ ውጭ የሆነም ነገር ነበር፤ አዲስ መጤዎች ቀንሰዋል፣ ከኪኔሬት ውኃ ወደ ደቡብ የሚወስደው ታላቁ የውኃ መስመር በ1964 ተጠናቆ ሠራተኛው ተበትኗል። በ1967 ሥራ አጥነቱ ከ10 በመቶ አለፈ። ከዚያ በሰኔ ጦርነት መጣ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሥራ እንደገና ሞላ። ያንን የሥራ መመለስ በማን ስም ይጻፍ? አንድም መሪ አላቀደውም። መሪዎች ያወጡትን ቁጥር ያልታሰበ ነገር አወረደው።

መሪ ሥራ አጥነትን ምን ያህል ይነካል በሚለው ምሁራኑም ሲከራከሩ ኖረዋል። አሜሪካዊው ዊሊያም ኖርድሃውስ በ1975 ባሳተመው ጥናት መንግሥታት ምርጫ ሲቀርብ ገንዘብ እየረጩ ሥራ አጥነትን ያወርዳሉ፣ ከምርጫ በኋላ ደግሞ ሕዝቡ ዕዳውን ይከፍላል አለ። በዚያው ዓመት የኢየሩሳሌሙ ኢኮኖሚስት ዮራም ቤን ፖራት ስለ እስራኤል ተመሳሳይ ጥናት ሲያወጣ ርእሱን ከጥጋብና ከረሃብ ዓመታት ወሰደው፤ የዮሴፍንና የፈርዖንን ነገር ይዞ ማለት ነው። ኦሪትን ለምታውቁ ለእናንተ ሐሳቡን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ዮሴፍ በጥጋቡ ጊዜ አከማቸ። የምርጫ መሪ በጥጋቡም በረሃቡም ያበላል፤ ጎተራው ባዶ መሆኑ የሚታወቀው ድምፅ ከተቆጠረ በኋላ ነው።

ጥናቶቹ ከታተሙ ከስድስት ዓመት በኋላ ነገሩ እዚሁ በዓይን ታየ። በ1981 መጀመሪያ የመናሔም ቤጊን መንግሥት ዮራም አሪዶርን የገንዘብ ሚኒስትር አደረገው። አሪዶር በቀለም ቴሌቪዥንና በመኪና ላይ የነበረውን ቀረጥ ቀነሰ፤ ሰዉ ወደ ሱቅ ጎረፈ፤ በሰኔው ምርጫ ሊኩድ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የመጣውን የዋጋ ንረት ሁሉ በእሱ ላይ መጫን አግባብ አይደለም፤ ንረቱ ከእሱ በፊትም ነበር፣ በ1982 የሊባኖስ ጦርነት፣ በ1983 የባንኮች አክሲዮን ውድቀት ተጨምሮበታል። ግን የተረጨው ገንዘብ እሳቱን አባብሷል። በ1984 የዋጋ ንረቱ ከ400 በመቶ በላይ ደረሰ። ጠዋት የተገዛ ዕቃ ማታ ሌላ ዋጋ ነበረው።

እንግዲህ ከኢትዮጵያ በሱዳን በረሃ አልፈው የመጡት ወገኖቻችን እዚህ የደረሱት በዚያ ጊዜ ነው። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሙሴ ዘመቻ 8 ሺህ ያህል ሰው ገባ። በመንገድ ወላጅ የቀበሩ፣ ልጅ የቀበሩ ሰዎች። በሐምሌ 1985 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሺሞን ፔሬስና የገንዘብ ሚኒስትሩ ይጽሐቅ ሞዳኢ የማረጋጊያውን ዕቅድ አወጡ፤ በጀት ተቆረጠ፣ ደመወዝ ታሰረ፣ መንግሥት ለጉድለቱ ገንዘብ እንዳያሳትም በሕግ ተከለከለ። ዕቅዱ አገሪቱን ከውድቀት አዳናት፤ ይህን ሳላወላዳ እናገራለሁ። ዋጋውን የከፈሉት ግን በሥራ ገበያው በር ላይ የቆሙት ናቸው። ቋሚ ሥራ ይዞ፣ በሠራተኛ ማኅበር ተጠብቆ የሚኖር ሰው በጀት ሲቆረጥ ደመወዙ ይሳሳል፤ ገና ሥራ የሚፈልግ ሰው ግን በሩ ጭራሹን ይዘጋበታል። በዚያ ዓመት በዚህ በር ላይ ከቆሙት አዲሶቹ እኛ ነበርን።

ሁለተኛው መምጣታችን ከዚህም የባሰ ሰዓት ላይ ዋለ። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እዚህ አረፈ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይጽሐቅ ሻሚር ነበሩ። በ1990 እና በ1991 ከሶቪየት ኅብረት ከ300 ሺህ በላይ ሰው ገብቶ ነበር፤ መሐንዲሱ መንገድ ይጠርጋል፣ ሐኪሟ ሽማግሌ ትጠብቃለች ይባል በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። በ1992 ሥራ አጥነቱ 11 በመቶ አለፈ። በዚያ ዓመት ይጽሐቅ ራቢን ተመረጡ። አሜሪካ በሰፈራ ግንባታው ምክንያት ለሻሚር ከልክላው የነበረውን የ10 ቢሊዮን ዶላር የብድር ዋስትና ለራቢን ፈቀደች፤ መንገድ ተሠራ፣ ትምህርት ቤት ተሠራ፣ በ1996 ሥራ አጥነቱ ከ7 በመቶ በታች ወረደ። ራቢን ምስጋና ይገባቸዋል። ቤት የሚገዙት፣ ሱቅ የሚሞሉት፣ እየሠሩ ኢኮኖሚውን ያሳደጉት ግን ቀደም ሲል "ሸክም" ይባሉ የነበሩት መጤዎች ናቸው። ሻሚር የተወቀሱበትን ዘር ራቢን አጨዱት ቢባል ስሕተት አይደለም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ወደ አንድ ውሳኔ ለመድረስ ነው። በዚህ አዳራሽ ያለነው ሰዎች ናታንያ ለምን እንደምንኖር ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ከሰሎሞን ዘመቻ በኋላ ብዙ ሺህ ሰዎቻችን በካራቫን ሰፈር ነበሩ፤ በአኮ አጠገብ በሐጽሮት ያሳፍ፣ በቤርሸባ አጠገብ በናሐል ቤካ፣ በሌሎችም። ካራቫኑ ጣሪያ ነበረው፣ ሥራ ግን አልነበረውም። አውቶቡሱ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው፤ ፋብሪካው ሩቅ ነው፤ ሥራ ያለው ሰው ጎረቤት ስለሌለ "እኛ ዘንድ ሰው ይፈልጋሉ" የሚል የለም። ሥራ ደግሞ አብዛኛው የሚገኘው እንዲህ ነው፣ በሰው ወሬ። በራቢን መንግሥት የመጤዎች ሚኒስትር የነበሩት ያይር ጻባን ለእኛ ማኅበረሰብ ልዩ የቤት መግዣ እርዳታና ብድር አስፈቀዱ፤ ቤቱም በተወሰኑ ከተሞች እንዲገዛ ተደረገ። አብዛኛው ካራቫን በጥቂት ዓመታት ባዶ ሆነ። ሰው ወደ ሬሖቮት፣ ወደ ሀዴራ፣ ወደ ናታንያ ገባ። ዛሬ በናታንያ ከ10 ሺህ በላይ ነን፤ በእስራኤል ከተሞች ሁሉ እኛ በብዛት የምንኖርባት ከተማ ይህች ናት።

ውሳኔው ጉድለት ነበረበት፤ ገንዘቡ የሚበቃው ለርካሽ ቤት ስለነበር በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ሕንፃ ተከማቸን፤ እዚህ ናታንያ የሐፍጺባን ሰፈር የሚያውቅ ይህን ያውቃል። ግን ሰውን ከሜዳ አንሥቶ የሥራ ገበያው መሐል አኖረው። የዚያ ዓመት የሥራ አጥ ቁጥር ላይ ይህ ውሳኔ ምንም አይታይም። በእኛ ሕይወት ላይ ግን ከማንኛውም በጀት በላይ ሠርቷል። መሪ ማለት ለእኔ እዚህ ላይ ነው የሚለካው።

ተቃራኒውንም እንይ። በ2002 እና በ2003 ሁለተኛው ኢንቲፋዳ፣ የፍልስጤማውያን አመፅ፣ አገሪቱን አናውጧት ነበር። ናታንያ በመጋቢት 2002 በፓርክ ሆቴል በፋሲካ ማታ በደረሰ የፍንዳታ ጥቃት 30 ሰው የሞተባት ከተማ ናት፤ ከዚያ በኋላ ባሕር ዳሩ ላይ እንግዳ አይታይም ነበር፤ በሆቴል አልጋ የሚያነጥፍ፣ ሰሐን የሚያጥብ ሁሉ ቤቱ ገባ። ሥራ አጥነቱ በ2003 ከ10 በመቶ በላይ ነበር። የአሪኤል ሻሮን የገንዘብ ሚኒስትር ቢንያሚን ኔታንያሁ የልጆች አበልን፣ የገቢ ድጎማን፣ የሥራ አጥ ክፍያን ቆረጡ፤ ሰው ከእርዳታ ወደ ሥራ ይሂድ አሉ። በሐምሌ 2003 ቪኪ ክናፎ የምትባል ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ባንዲራ ይዛ ከሚጽጴ ራሞን እስከ ኢየሩሳሌም በእግሯ ሄደች። እየሠራች ነበር፤ ሙሉ ቀን አልነበረም እንጂ። የተቆረጠባት ለዚያች ደመወዝ ማሟያ የነበረው ነው።

ከዚያ ሥራ አጥነቱ ዓመት በዓመት ወረደ። የኔታንያሁ ደጋፊዎች "ቆረጡ፣ ሰው ሠራ" ይላሉ። ኢንቲፋዳው ስለበረደና የዓለም ሃይቴክ ስለተነሣ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱም የየድርሻቸውን እውነት ይዘዋል እላለሁ። ግን የወረደው ቁጥር አጠገብ ሌላ ነገር ወጥቷል፤ እየሠራ ድሃ የሆነ ቤተሰብ። ሁለት ደመወዝ ገብቶ ወር የማይሞላበት ቤት። ቁጥሩ ይህን ቤት "ሥራ ያለው" ብሎ ዘጋው።

በነሐሴ 2005 የዊስኮንሲን ዕቅድ በኢየሩሳሌም፣ በናዝሬት፣ በአሽቀሎንና በሀዴራ ተጀመረ። የገቢ ድጎማ የሚቀበል ሰው በየሳምንቱ ለረጅም ሰዓት ማዕከል እንዲቀመጥ፣ የተሰጠውን ሥራ እንዲቀበል፣ እምቢ ካለ አበሉ እንዲቆረጥ የሚል ነው። ማዕከሎቹን የያዙት የግል ድርጅቶች ነበሩ፤ ትርፋቸውም ከሚቀነሰው አበል ጋር የተያያዘ ነበር። አሽቀሎንና ሀዴራ የእኛ ሰው በብዛት ያለባቸው ናቸው። ዕብራይስጥ የማያነቡ ሰዎች ፈርሙ በተባሉት ወረቀት ላይ አበላቸው ሲቆም ምን ይሉ ነበር? በሚያዝያ 2010 ፓርላማው፣ ክኔሴት፣ ዕቅዱን ሳያራዝመው ቀረ። በእኔ አስተያየት ያዳከመው ማስገደዱ ብቻ አልነበረም፤ ሥራ ማግኘትንና አበል መቁረጥን አንድ አድርጎ መክፈሉ ነው።

አሁን ወደዚህ ሰፈር ልምጣ። ኢር ያሚም በከተማዋ ደቡብ፣ ባሕሩን እያየ በዚህ ምዕተ ዓመት የተሠራ ሰፈር ነው። ፎቆቹን ታያላችሁ። ጠዋት በአውቶቡስ ወደዚህ የሚመጡትን ደግሞ ታውቃላችሁ፤ በገበያ ማዕከሉ በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሸው፣ የፎቁን መግቢያ የምትወለውለው፣ በፖሌግ የኢንዱስትሪ ቀጠና በመጋዘን ዕቃ የሚጭነው። ብዙዎቹ የሚቀጠሩት በሚሠሩበት ቦታ ባለቤት አይደለም። ቀጣሪያቸው ካብላን ነው፤ ከተቋሙ ጋር ተዋውሎ ሰው የሚያቀርብ ድርጅት። ጨረታው ሲያልቅ ካብላኑ ይቀየራል፤ ሠራተኛው በዚያው በር ቆሞ አዲስ ቀጣሪ ይጠብቃል።

ይህን ያመጣው ገበያ ብቻ አይደለም፤ ትልቁ ደንበኛ መንግሥት ራሱ ነው። ሚኒስቴሮች፣ ሆስፒታሎች፣ ትምህርት ቤቶች ጽዳታቸውንና ጥበቃቸውን ለካብላን ሰጡ። በ2000 ክኔሴት በሰው ኃይል ድርጅት በኩል የሚሠራ ሰው ከ9 ወር በኋላ የዋናው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ እንዲሆን ሕግ አወጣ። ሕጉ ከበጀት ጋር አብሮ በሚጸድቅ ሌላ ሕግ ሲገፋ ሲገፋ ቆይቶ ሥራ ላይ የዋለው በ2008 ነው። ስምንት ዓመት! የግራውም የቀኙም መንግሥት አልፎበታል። ተግባር ላይ ሲውልም ብዙ ውል "የሰው ኃይል" መባሉ ቀርቶ "አገልግሎት" ተባለ፤ ሠራተኛው ያው፣ በሩ ያው። የሠራተኞች ማኅበሩ ሂስታድሩት በኦፈር ኤይኒ መሪነት በኅዳር 2011 ለጥቂት ሰዓታት፣ በየካቲት 2012 ለአራት ቀን አገሪቱን ዘጋ፤ ከገንዘብ ሚኒስትሩ ዩቫል ሽታይኒጽ ጋር በተደረሰው ስምምነት የጽዳት ሠራተኞች ደመወዝና መብት ተሻሻለ። እናቶቼ፣ በደመወዝ ወረቀታችሁ፣ በትሉሻችሁ ላይ የምታዩት አንዳንድ መስመር የመጣው ከዚያ ነው።

በኮሮና ጊዜ ደግሞ መሪ ቁጥሩን በቀጥታ የሚነካበት መንገድ ታየ። በሚያዝያ 2020 በሥራ ስምሪት አገልግሎቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። ከዚያ በፊት ሥራ አጥነቱ ከ4 በመቶ በታች ነበር። ብዙዎቹ ሐላት ላይ ነበሩ፤ ያለ ደመወዝ ፈቃድ። ክፍያ ለማግኘት ሠራተኛው ቢያንስ 30 ቀን ከሥራው መውጣት ነበረበት፤ ስለዚህ አሠሪው ግማሽ ቀን ሊያሠራው ሲችል ጨርሶ አወጣው። ጀርመን ለአሠሪው ከፍላ ሠራተኛውን በተቀነሰ ሰዓት በሥራው አቆየችው። በሽታው አንድ፣ ውሳኔው ሁለት ነበር። እዚህ ደግሞ ከሚያዝያ 2019 እስከ መጋቢት 2021 አራት ጊዜ ምርጫ ተደረገ፤ ለ2020 የጸደቀ በጀት አልነበረም፤ አዲስ በጀት ያለፈው በኅዳር 2021 በናፍታሊ ቤኔት መንግሥት ነው። በጀት ሳይጸድቅ አዲስ የሙያ ሥልጠና መክፈት ይከብዳል። ወደ ሥራ ስምሪት ቢሮው፣ ወደ ልሽካ ሄዶ "ኮርስ የለም" የተባለ ወጣት በኢየሩሳሌም የተጣሉ ፖለቲከኞችን ዋጋ እየከፈለ እንደነበር ያወቀ አይመስለኝም።

በተወለድንበት አገርም ያው ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ተመርቆ ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ልብስ ይሰፉበት ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ሲቀጥል አሜሪካ ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል አስወጣች፤ የፓርኩ ትልቅ ደንበኛ የነበረው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ከዚያ በፊት በኅዳር ወር ጥሎ ወጣ። ከሲዳማ ገጠር መጥታ በማሽን ላይ የተቀመጠችን ልጅ ስለ ጦርነቱ ማንም አልጠየቃትም።

የከተማ መሪስ ምን ይችላል? ናታንያ ለዚህ ጥሩ ታሪክ አላት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብርቱካን ንግድ ሲዘጋ ከከተማዋ መሥራቾች አንዱ የነበረው ኦቬድ ቤን አሚ ከአንትወርፕ የሸሹ አልማዝ ቆራጮችን እዚህ አስቀመጠ፤ ከተማዋ በጥቂት ዓመት የአልማዝ ከተማ ሆነች። ከጦርነቱ በኋላ አንትወርፕ ስትነሣ ብዙ ሰው ከሥራ ወጣ፤ ያም የመሪን አቅም ወሰን ያሳያል። ዛሬ ማዘጋጃ ቤቱ፣ እኛ ዒሪያ የምንለው፣ አልማዝ እንዲያመጣ አልጠይቅም። ትልቅ ቀጣሪ ነው፤ መምህር፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ መሐንዲስ፣ የሒሳብ ሰው ይቀጥራል፤ የጽዳትና የጥበቃ ጨረታም ያወጣል።

በ2011 በተሻሻለው የመንግሥት አገልግሎት የሹመት ሕግ የኢትዮጵያ ተወላጆች በመንግሥት ሥራ ተገቢ ውክልና እንዲኖራቸው ታዟል። በሚኒስቴሮች ቁጥሩ ተሻሽሏል፤ ሰዉ ግን በብዛት ያለው በታችኛው ደረጃ ነው፤ ዲግሪ ይዞ ለፈተና ሳይጠራ የቀረው ልጃችሁ ያውቀዋል። ስለዚህ "ስንት ኢትዮጵያዊ ቀጥራችኋል?" የሚለው ጥያቄ አይበቃም። በየትኛው ደረጃ፣ ስንቱ በቋሚነት፣ ስንቱ በካብላን፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ስንቱ ከፍ አለ ብሎ መጠየቅ ነው። በ1998 የወጣው የመረጃ ነጻነት ሕግ ማዘጋጃ ቤቶችንም ይመለከታል፤ ማንኛውም ዜጋ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፣ ምክንያት እንዲሰጥ አይገደድም፣ መልሱም ካልተራዘመ በ30 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት። ጥያቄውን በዕብራይስጥ አዘጋጅቼ አምጥቻለሁ፤ መፈረም የምትፈልጉ ከጠረጴዛው ላይ ታገኙታላችሁ፤ ማንበብ ለሚቸገሩ ወጣቶቹ ያነቡላቸዋል።